ሪተርን የምትለዋ መስመር፦ የፈንክሽን ውጤት እንዴት የሰርቨር ምላሽ ይሆናል?

በሱዳንና በኢትዮጵያ ድንበር አካባቢ፣ ከገዳሪፍ እስከ ጋላባት ባለው መስመር፣ በሰሜን ደግሞ በሐምዳይት በኩል፣ ስለ ስደተኛና ስለ ተፈናቃይ የሚሰበሰበው መረጃ ዛሬ አብዛኛው በስልክና በታብሌት ነው። ጠያቂው ቅጹን ሞልቶ «ላክ» ይላል። ስልኩ መረጃውን በኤችቲቲፒ ወደ ሰርቨር ይልከዋል። እዚያ ያለች አንዲት ፈንክሽን ተቀብላ፣ አስቀምጣ፣ አንድ ነገር ትመልሳለች። የተመለሰው ነገር ተቀይሮ ስልኩ ጋ ሲደርስ ስልኩ ከሁለት አንዱን ይወስናል፦ ቅጹ ደርሷል ብሎ ይለቀዋል፣ ወይም አልደረሰም ብሎ ይዞት ይቆያል። ይህ ዳሰሳ የሚመለከተው በፈንክሽኗ መመለስና በስልኩ መወሰን መካከል ያለውን ሥራ ነው።

ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት ትንሽ ነው። ፕሮግራመሩ በፓይተን፣ በፒኤችፒ ወይም በጃቫ ፈንክሽን ይጽፋል። ፈንክሽኗ ጽሑፍ ወይም ዲክሽነሪ ትመልሳለች፣ አንዳንዴም ምንም አትመልስም። ፍሬምወርኩ ያንን ወስዶ የኤችቲቲፒ ምላሽ ያደርገዋል። ብዙዎቻችን ስንማር «የቀረውን ፍሬምወርኩ ይጨርሰዋል» ተብለን ያለፍነው ክፍል ነው። እኔ ግን ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ምድር የፕሮግራም ታማኝነት የሚለየው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ፍሬምወርኩ በእኛ ስም በግምት የሚሞላውን ማወቅ፣ ዋናውን ቃል ደግሞ በራሳችን እጅ መጻፍ ይገባናል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መስመሩ የሚቆረጥበት ምድር

በኖቬምበር 2020 የትግራይ ጦርነት ሲጀመር በአንድ ወር ውስጥ ከ40 ሺህ በላይ ሰው በሐምዳይትና በሉግዲ በኩል ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሻገረ። በ1980ዎቹ የረሃብ ዘመን ኢትዮጵያውያንን አስጠግቶ በኋላ ተዘግቶ የነበረው የኡም ራኩባ መጠለያ ዳግም ተከፈተ፤ በጃንዋሪ 2021 ደግሞ ቱናይድባ ተጨመረ። በኤፕሪል 15 ቀን 2023 ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ ስደቱ አቅጣጫ ቀየረ። ከዋና ከተማዋ፣ ቀጥሎም ከጀዚራና ከሲናር የተፈናቀለው ሕዝብ ገዳሪፍን ሞላት። በጋላባት በኩል ወደ መተማ ከተሻገሩት መካከል ብዙዎቹ በአማራ ክልል በኩመርና በአውላላ እንዲሰፍሩ ተደረገ።

ይህ ሁሉ ሰው ሲቆጠር፣ ሲጠየቅና ርዳታ ሲመደብለት መረጃው የሚያልፍበት መንገድ አስተማማኝ አልነበረም። ሱዳን ውስጥ በጁን 2019 ካርቱም ላይ ተቃዋሚዎች በኃይል ከተበተኑ በኋላ፣ በኦክቶበር 2021 ደግሞ ከመፈንቅለ መንግሥቱ ጋር ኢንተርኔት ለሳምንታት ተዘግቷል። በፌብሩዋሪ 2024 መጀመሪያ የዛይን፣ የኤምቲኤንና የሱዳኒ ኔትወርኮች ተቋርጠው አብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ከመስመር ወጥቷል። ከድንበሩ በኢትዮጵያ በኩልም ትግራይ በጦርነቱ ዘመን፣ አማራ ክልል ደግሞ ከኦገስት 2023 ጀምሮ ለብዙ ወራት ኢንተርኔት አጥተዋል።

ፈጽሞ ሲዘጋ መዘጋቱ ይታወቃል፤ ሰው ይጠብቃል ወይም ሌላ ዘዴ ይፈልጋል። የሚያስቸግረው በከፊል ሲሠራ ነው። ጥያቄው ሰርቨሩ ጋ ደርሶ ምላሹ መንገድ ላይ ይቀራል። ሰርቨሩ መረጃውን አስቀምጧል፣ ስልኩ ግን አላወቀም። ስልኩ እንደገና ቢልክ አንድ ቤተሰብ ሁለት ጊዜ ይመዘገባል፤ ሳያረጋግጥ ደርሷል ብሎ ቢለቅ ደግሞ መረጃው ያልደረሰ ቤተሰብ ከዝርዝሩ ይጠፋል። ሁለቱም ስህተቶች ራሽን ሲታደል በሰው ላይ ይታያሉ።

የምላሽ ሦስት ክፍሎች

የኤችቲቲፒ ምላሽ ሦስት ነገር ይዟል፦ ባለ ሦስት አኃዝ ስቴተስ ኮድ፣ ሄደሮች፣ እና ይዘት። የኮዶቹ ፍቺ አሁን በሥራ ላይ ባለው መልኩ በጁን 2022 በወጣው አርኤፍሲ 9110 ተጠቃልሏል። 200 «ተሳክቷል» ነው። 201 «አዲስ ነገር ተፈጥሮ ተመዝግቧል» ይላል። 202 «ተቀብያለሁ፣ ሥራው ግን ያለቀ ላይሆን ይችላል»፣ 204 ደግሞ «ተሳክቷል፣ የምልከው ይዘት ግን የለም» ማለት ነው። በ4 የሚጀምሩት ጥፋቱ ጥያቄውን ከላከው ወገን መሆኑን፣ በ5 የሚጀምሩት ከሰርቨሩ መሆኑን ይናገራሉ።

ፈንክሽን የምትመልሰው ግን አንድ እሴት ነው። አንዱ እሴት ሦስት ክፍል ወዳለው ምላሽ ሲሰፋ የጎደለውን መሙላት ያስፈልጋል። ኮዱን፣ የይዘቱን ዓይነት፣ የፊደሉን አጻጻፍና ርዝመቱን የሚሞላው ማን ነው? የፍሬምወርኮች ልዩነት ሁሉ ለዚህ ጥያቄ በሚሰጡት መልስ ላይ ነው።

ከመስክ ስልክ የተወሰደ መለኪያ

ፍሬምወርኮቹን ከመዳሰሴ በፊት መለኪያውን ላስቀምጥ፤ መለኪያው በዚሁ ድንበር አካባቢ ሰዎች በእጃቸው የሚይዙት መሣሪያ ነውና። በ2008 በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ኦዲኬ ያለ ኔትወርክ ቅጽ ለመሙላትና ኔትወርክ ሲገኝ ለመላክ የተሠራ ነው። ከሃርቫርድ የሰብዓዊ ርዳታ ጥናት ማዕከል የወጣው ኮቦ ቱልቦክስም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። የስልክ መተግበሪያው ከኦዲኬ ኮሌክት የተቀዳ ሲሆን ሰርቨሩ በጃንጎ የተጻፈ ነው። በሱዳንም በኢትዮጵያም የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶችና ግብረ ሰናይ ድርጅቶች ለፍላጎት ዳሰሳ በስፋት ይጠቀሙበታል። ስልኩና ሰርቨሩ የሚነጋገሩት ኦፕንሮዛ በሚባል ስምምነት ነው።

በዚህ ስምምነት መሠረት ቅጹ ደርሶ ሲመዘገብ ሰርቨሩ 201 ይመልሳል። ኦዲኬ ኮሌክት ቅጹን «ተልኳል» ብሎ የሚያልፈው 201 ወይም 202 ሲያይ ብቻ ነው። 200 ቢመጣለት እንዳልተላከ ይቆጥረዋል፤ ምናልባት ወደ ኔትወርኩ በትክክል አልገባህም ብሎ ያስጠነቅቃል። ምክንያቱ ከመስክ ልምድ የመጣ ነው። የሆቴል ወይም የካፌ ዋይፋይ መጀመሪያ የራሱን የመግቢያ ገጽ ያቀርባል፤ ያ ገጽ የሚመጣው በ200 ነው። ስልኩ 200ን ሁሉ ቢያምን ኖሮ የአንድን ቤተሰብ መረጃ ለካፌው መግቢያ ገጽ አስረክቦ ተልኳል ይል ነበር።

የሰሊጥ ነጋዴ ምርቱን መጋዘን ሲያስገባ የሚፈልገው ዓይነቱና ክብደቱ የተጻፈበት ደረሰኝ ነው እንጂ የዘበኛውን «እሺ» አይደለም። 201 ደረሰኝ ነው፤ 200 ብዙ ጊዜ እሺ ብቻ ነው።

የተደጋገመ ቅጽም ታስቦበታል። እያንዳንዱ የተሞላ ቅጽ ስልኩ ላይ ሲፈጠር ልዩ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል። ምላሹ መንገድ ላይ ጠፍቶ ስልኩ ያንኑ ቅጽ ደግሞ ሲልክ የኮቦ ሰርቨር መደገሙን አይቶ አዲስ መዝገብ ሳይፈጥር 202 ይመልሳል። ስልኩም በሰላም ያልፋል፤ ቤተሰቡ አንዴ ብቻ ይመዘገባል። ይህን ያደረገው በሰርቨሩ ላይ አንድ ሰው አስቦ የጻፈው ጥቂት መስመር ነው። ፍሬምወርኩ በራሱ አላደረገውም፣ ሊያደርገውም አይችልም።

አራቱ መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ «ራስህ ጻፈው» የሚለው ነው። በ1993 በኤንሲኤስኤ የተወለደው ሲጂአይ ፕሮግራሙ ሄደሩን፣ ባዶ መስመሩንና ይዘቱን በገዛ እጁ እንዲያትም ያደርጋል። በ1995 የተለቀቀው ፒኤችፒም በዚሁ መንፈስ ጀመረ፤ ይዘት ከወጣ በኋላ ኮድ ለመቀየር የሞከረ ሁሉ «ሄደሮቹ ቀድመው ተልከዋል» የሚለውን ማስጠንቀቂያ ያውቀዋል። የጎ ቋንቋ መደበኛ ላይብረሪ ዛሬም በዚህ መንገድ ይሄዳል፤ ፈንክሽኗ ምንም አትመልስም፣ በተሰጣት ጸሐፊ ላይ ትጽፋለች። ኮድ ሳትጠቅስ የመጀመሪያዋን ባይት ከጻፈች ግን 200 በራሱ ይሄዳል፣ ወደ ኋላም አይመለስም። በ2010 የተጀመረው የጃቫስክሪፕቱ ኤክስፕረስም ፈንክሽኗ ሪተርን ያደረገችውን አያይም። ምላሽ የሚሄደው የ«ሴንድ» ትእዛዝ ሲጠራ ነው፤ ከተረሳ ጥያቄው ተንጠልጥሎ ይቀራል። በደካማ መስመር ላይ ያለ ስልክ ይህን ዝምታ ከኔትወርክ መቋረጥ መለየት አይችልም።

ሁለተኛው መንገድ «ምላሹን ራሱን መልስ» ይላል። በካንሳስ የጋዜጣ ቤት ተወልዶ በ2005 ለሕዝብ የተለቀቀው ጃንጎ ቪው የሚባለው ፈንክሽን ሙሉ የምላሽ ኦብጀክት እንዲመልስ ያስገድዳል። ኮዱ ሳይጠቀስ ከቀረ 200 ይሆናል፤ ይዘቱ ኤችቲኤምኤል፣ ፊደሉ ዩቲኤፍ-8 ነው። ከሥሩ ያለው ውል ደግሞ በ2003 ፊሊፕ ኢቢ ያረቀቀው ደብልዩኤስጂአይ ነው። በዚህ ውል የሚሠራ የፓይተን ዌብ ፕሮግራም ኮዱንና ሄደሮቹን አስቀድሞ ያሳውቃል፣ ከዚያ የባይቶች ተከታታይ ይመልሳል። በ2007 የመጣው የሩቢው ራክ ይህንኑ አጥርቶ ሦስቱን ክፍሎች፣ ማለትም ኮድ፣ ሄደርና ይዘትን፣ በአንድ ዝርዝር አድርጎ ያስመልሳል። የራክ ሐሳብ ለብዙ ፍሬምወርኮች መሠረት የሆነው ምንም ስለማይደብቅ ነው።

ሦስተኛው መንገድ «የፈለግከውን መልስ፣ እኔ እተረጉመዋለሁ» የሚል ነው። ለጀማሪ የሚመቸውና ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ይኸው ነው። በ2007 የወጣው የሩቢው ሲናትራ ጽሑፍ ሲመለስለት ይዘት፣ ሙሉ ቁጥር ሲመለስለት ስቴተስ ኮድ ያደርገዋል። በ2010 አርሚን ሮናኸር ያወጣው ፍላስክ ጽሑፍን ወደ ኤችቲኤምኤል ምላሽ፣ ከ2019 ጀምሮ ዲክሽነሪን፣ ከ2022 ጀምሮ ደግሞ ሊስትን ወደ ጄሰን ይቀይራል። ታፕል ከተመለሰ የመጀመሪያውን ይዘት፣ ቀጣዩን ኮድ ብሎ ይፈታዋል። በ2018 ኮሎምቢያዊው ሴባስቲያን ራሚሬዝ የጀመረው ፋስትኤፒአይ ደግሞ ምላሽ ያልሆነውን ሁሉ ወደ ጄሰን ይለውጣል። የፒኤችፒው ላራቬል እዚህ ላይ ምስጋና የሚገባው ልማድ አለው። ፈንክሽኗ አሁን የተፈጠረ የዳታቤዝ ሞዴል ከመለሰች ኮዱን በራሱ 201 ያደርገዋል። ያንኑ ሞዴል በአሬይ ውስጥ አድርጋ ከመለሰችው ግን 200 ይሆናል። በመልካም ግምትና በስህተት መካከል ያለው ርቀት አንድ ቅንፍ ብቻ ነው።

አራተኛው መንገድ «በታይፕ ቃል ግባ» ይላል። በሩስት ሮኬትና አክሰም አንድ እሴት ምላሽ መሆን የሚችለው እንዴት እንደሚሆን አስቀድሞ ከተገለጸ ብቻ ነው፤ ካልተገለጸ ፕሮግራሙ አይገነባም። የማይክሮሶፍቱ ኤኤስፒ ዶት ኔት ኮርና የጃቫው ስፕሪንግም ይዘትንና ኮድን በአንድ የሚያስር የመመለሻ ታይፕ አላቸው። የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር የሚጠቀምበት የጤና መረጃ ሥርዓት ዲኤችአይኤስ2 የተሠራው በስፕሪንግ ላይ ነው። እዚህ ስህተቱ የሚያዘው ፕሮግራመሩ ጠረጴዛ ላይ ሳለ ነው፤ ዋጋው ረዘም ያለ አጻጻፍና ዘገም ያለ ጅማሬ ነው።

የመንገዶቹን ልዩነት ለማየት አንዲት ቃል ይበቃል። ፈንክሽን «ገዳሪፍ» የሚለውን ጽሑፍ ብቻ ትመልስ። ፍላስክ እንደ ኤችቲኤምኤል ገጽ ይልከዋል። ፋስትኤፒአይ በጥቅስ ምልክት አስገብቶ ጄሰን ያደርገዋል። ኤኤስፒ ዶት ኔት ኮር ተራ ጽሑፍ ብሎ ይልከዋል። ስፕሪንግ በተለመደው ኮንትሮለር ውስጥ «ገዳሪፍ» የሚባል የገጽ ቴምፕሌት ፍለጋ ይሄዳል፤ ሬስትኮንትሮለር ከሆነ ግን ያንኑ ቃል ይዘት ያደርገዋል። ጃንጎ ጽሑፉ የምላሽ ኦብጀክት ስላልሆነ በስህተት ያቆማል።

ባዶ ሲመለስ

ከሁሉም ይልቅ የፍሬምወርክን ጠባይ የሚያሳየው ሪተርን ስትረሳ የሚያደርገው ነው። ፕሮግራመሩ መረጃውን አስቀመጠ እንበል፤ መጨረሻ ላይ ግን ምንም አልመለሰም። የፓይተኑ ቦትል ባዶ ይዘት ያለው 200 ይልካል። ፋስትኤፒአይ «ነል» የሚል ጄሰን በ200 ይልካል። የጃቫው ጃክስ-አርኤስ 204 ይላል፤ ኤኤስፒ ዶት ኔት ኮርም ኮንትሮለሩ ነል ሲመልስ እንዲሁ። የጃቫስክሪፕቱ ኮዋ ይዘት ካልተሰጠው 404 ይመልሳል። በሮኬት «ሊኖርም ላይኖርም ይችላል» የሚለው ታይፕ ባዶ ሲሆን 404 ይሆናል። ፍላስክና ጃንጎ የቪው ፈንክሽኑ ትክክለኛ ምላሽ አልመለሰም ብለው 500 ያወጣሉ።

ተመሳሳይ ዝምታ በአንዱ ዘንድ ስኬት፣ በሌላው «አልተገኘም»፣ በሦስተኛው የሰርቨር ብልሽት ሆነ ማለት ነው። እኔ የፍላስክንና የጃንጎን ጩኸት እመርጣለሁ፤ ስህተቱ በመጀመሪያው ሙከራ ስለሚታይ። ግን ጩኸቱም ወጥመድ አለው። ጃንጎ እያንዳንዱን ጥያቄ በአንድ የዳታቤዝ ትራንዛክሽን እንዲጠቀልል ማዘዝ ይቻላል፤ ፈንክሽኗ ስህተት ካነሳች የተጻፈው ሁሉ ይሻራል። ምላሹ ባዶ መሆኑ የሚመረመረው ግን ትራንዛክሽኑ ከተዘጋ በኋላ ነው። ስለዚህ መረጃው ጸንቶ ተቀምጦ ሳለ ለስልኩ 500 ይደርሰዋል። ስልኩ እንደገና ይልካል፤ መለያ ቁጥር የሚያጣራ ከሌለ ያው ቤተሰብ በተላከ ቁጥር ይደገማል።

ቁጥሩ የጠፋበት ታፕል

ፍላስክ የለመደ ሰው ወደ ፋስትኤፒአይ ሲሻገር የሚወድቅበት አንድ ጉድጓድ አለ። በፍላስክ «ሪተርን» ካለ በኋላ የስህተት ዲክሽነሪ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ 404 ብሎ ይጽፋል፤ ምላሹ በትክክል 404 ይሆናል። ያችኑ መስመር ወደ ፋስትኤፒአይ ቢወስዳት ስህተት አይነሳም። ታፕሉ ሁለት አባል ያለው የጄሰን ዝርዝር ይሆናል፤ 404 ቁጥሩ ይዘቱ ውስጥ ይቀመጣል፣ የምላሹ ኮድ ግን 200 ነው። ሰው ቢያነበው ስህተት መሆኑን ያያል። ኮዱን ብቻ የሚያየው መተግበሪያ ግን ተሳክቷል ብሎ ያልፋል።

ይህ አጋጣሚ ትልቁን ልማድ ያስታውሳል፦ ስህተትን በ200 ጠቅልሎ መላክ። «ሳክሰስ፦ ፎልስ» የሚል ጄሰን በ200 የሚልኩ አገልግሎቶች ጥቂት አይደሉም። በአዲስ አበባ ፋይበር ላይ ጉዳቱ ላይሰማ ይችላል። በመተማና በሐምዳይት ግን በስልኩና በሰርቨሩ መካከል ፕሮክሲ፣ ካሽና እንደገና የሚልክ ላይብረሪ አለ። እነዚህ ሁሉ ይዘቱን ከፍተው አያነቡም፤ የሚያዩት ቁጥሩን ነው። ቁጥሩ ካልታመነ በመካከል ያለው ሁሉ ይታለላል።

ፊደል፣ ባይትና ርዝመት

ምላሽ በመጨረሻ ባይት ነው። በዩቲኤፍ-8 የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት፣ የዐረብኛ ፊደል ሁለት ባይት ይወስዳል። «ገዳሪፍ» አራት ፊደል ነው፤ አሥራ ሁለት ባይት ይሆናል። አንድ ሰው ያለ ፍሬምወርክ ሲጽፍ የይዘቱን ርዝመት በፊደል ቆጥሮ 4 ብሎ በሄደሩ ቢያስታውቅ ተቀባዩ አራት ባይት አንብቦ ያቆማል፤ የሚያገኘው «ገ» የሚለውን ፊደልና የ«ዳ»ን ስባሪ ነው። ፍሬምወርኮች ይህን በትክክል ስለሚሠሩልን እናመሰግናቸዋለን።

የጄሰን አጻጻፍ ላይ ግን ይለያያሉ። የፓይተን መደበኛ የጄሰን ላይብረሪ ካልተነገረው በቀር ከላቲን ውጭ ያለውን እያንዳንዱን ፊደል ስድስት ቁምፊ ባለው የኮድ ቅርጽ ይጽፈዋል። ፍላስክና የጃንጎ ጄሰን ምላሽ ይህን ልማድ ይከተላሉ። ፋስትኤፒአይና ጃንጎ ሬስት ፍሬምወርክ ግን ፊደሉን እንዳለ ይልካሉ። ስለዚህ «ገዳሪፍ» በአንዱ አሥራ ሁለት ባይት፣ በሌላው ሃያ አራት ነው። በዐረብኛ ሰባት ፊደል የሆነው የከተማዋ ስም ደግሞ ከአሥራ አራት ወደ አርባ ሁለት ያድጋል። ምላሹ በጂዚፕ ሲታመቅ ልዩነቱ ይጠባል፣ ማመቅ ግን ሁልጊዜ አይከፈትም። በአማርኛ፣ በትግርኛና በዐረብኛ የመንደርና የሰው ስም የተሞላ ዝርዝር በደካማ መስመር ሲወርድ ይህ ትርፍ የጥበቃ ጊዜ ነው፤ በፍላስክ አንድ የቅንብር መስመር ያስተካክለዋል።

ከዚህ የባሰው በስፕሪንግ የሚያጋጥመው ነው። የስፕሪንግ መሠረታዊ የጽሑፍ ቀያሪ ሌላ ካልታዘዘ የሚጠቀመው የምዕራብ አውሮፓን ጠባብ የፊደል ስብስብ ነው፤ አማርኛው ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይደርሳል። ስፕሪንግ ቡት ይህን ወደ ዩቲኤፍ-8 አስተካክሎ ይመጣል። ያለ ቡት የተሠራ አሮጌ ሲስተም የሚያስተዳድር ሰው ግን ራሱ ማረጋገጥ አለበት።

ረጅም ምላሽና መመለስ የሌለበት መረጃ

የሺዎችን ስም የያዘ የኤክሴል ወይም የሲኤስቪ ፋይል ሲጠየቅ ፍሬምወርኮች ፈንክሽኗ ጀነሬተር እንድትመልስ ይፈቅዳሉ፤ ይዘቱ በቁራጭ ይወጣል፣ የሰርቨሩ ሜሞሪ አይጨነቅም። ግን ኮዱ ከመጀመሪያው ቁራጭ በፊት 200 ሆኖ ሄዷል። መሃል ላይ ዳታቤዙ ቢወድቅ ያንን 200 መመለስ አይቻልም፤ ተቀባዩ የተቆረጠ ፋይል ይዞ ሙሉ ሊመስለው ይችላል። ለእንዲህ ያለ መስመር የሚሻለው ፋይሉን አስቀድሞ አዘጋጅቶ፣ ርዝመቱን አስታውቆ፣ ከተቋረጠበት መቀጠል እንዲቻል አድርጎ ማቅረብ ነው። የፍላስክ ፋይል መላኪያ ከፊል ጥያቄን ተቀብሎ በ206 ይመልሳል። በጃንጎ በኩል ግን ይህን አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከፊት የቆመው እንደ ኢንጅንኤክስ ያለ ሰርቨር ነው።

መመለስ የሌለበትም አለ። ሞዴልን እንዳለ ሪተርን ማድረግ ቀላል ስለሆነ ስልክ ቁጥር፣ ብሔር፣ የሸሸበት ምክንያትና የጤና ሁኔታ ሳይታሰብ አብረው ይወጣሉ። በዚህ ድንበር አንዳንድ ሰው የሸሸው በማንነቱ ምክንያት ነው፤ ስሙና መንደሩ ባልተፈለገ ስክሪን ላይ መታየቱ ሕይወቱን ሊያስከፍለው ይችላል። ፋስትኤፒአይ የመመለሻ ታይፕ ሲነገረው ከተዘረዘሩት ውጭ ያለውን መስክ አጣርቶ ያስቀራል። ላራቬልም ሞዴሉ ላይ የተደበቁ መስኮችን እንዲያስቀር ሊታዘዝ ይችላል። የላራቬሉ አካሄድ የሚከለከለውን ይዘረዝራል፣ የፋስትኤፒአይ ደግሞ የሚፈቀደውን። እኔ የሚፈቀደውን መዘርዘር አጥብቄ እደግፋለሁ፤ ነገ ሠንጠረዡ ላይ የሚጨመረው አዲስ መስክ ማንም ሳይወስን ወደ ውጭ እንዳይወጣ።

እንግዲህ የቱ ይሻላል?

ከዳሰሳው አንድ አሸናፊ ፍሬምወርክ አይወጣም። በሦስተኛው መንገድ ያሉት ፍጥነት ይሰጣሉ፣ በአራተኛው ያሉት ጥንቃቄ። ኮቦ የተሠራው በሁለተኛው ነው፤ ብዙ ጥሩ ሥራም በሦስተኛው ይሠራል። የሚለየው ፕሮግራመሩ የመጨረሻዋን መስመር ለማን እንደተዋት ነው። ስለዚህ መረጃ የሚቀበል ፈንክሽን ለሚጽፉ ሁሉ፣ በማንኛውም ፍሬምወርክ ቢሆን፣ የሚከተለውን እላለሁ።

ኮዱን በግልጽ ጻፉት። መረጃው ዳታቤዝ ውስጥ ከጸና በኋላ ብቻ 201 በሉ፤ ገና ወረፋ ላይ ከሆነ 202 በሉ፤ ካልተሳካ ደግሞ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለይታችሁ በ4 ወይም በ5 የሚጀምር ኮድ ስጡ። ለእያንዳንዱ ቅጽ መለያ ቁጥሩ ስልኩ ላይ ይፈጠር፤ ሁለተኛ ጊዜ የመጣው ያለ ጉዳት የሚያልፍበትን መንገድ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሥሩ። ስትፈትኑ ይዘቱን ብቻ ሳይሆን ኮዱንና ሄደሮቹንም እዩ። አንድ ፈተና ደግሞ ከሌሎቹ ሁሉ ይብለጥ፦ መረጃው እንደተቀመጠ፣ ምላሹ ከመውጣቱ በፊት መስመሩን ቁረጡትና ያንኑ ቅጽ ደግማችሁ ላኩ። ከሁለተኛው መላክ በኋላ ሠንጠረዡ ውስጥ አንድ ረድፍ ብቻ ካለ ሥራችሁ ለዚህ ምድር ደርሷል።

በጎንደርና በገዳሪፍ ዩኒቨርሲቲዎች የሚያስተምሩ መምህራንም ይህን ክፍል ከትምህርቱ ጅማሬ እንዲያመጡት እመኛለሁ። የመጀመሪያው የዌብ ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ ሰላምታ የሚመልስ ፈንክሽን ነው፤ እዚያው ላይ «ይህ ለምን 200 ሆነ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ተማሪው ያንን ከጠየቀ ወደፊት በሰው ዝርዝር ላይ ሲሠራ የሚያስፈልገውን ጥንቃቄ ጀምሯል። ፍሬምወርክ ስትመርጡም ከፍጥነቱና ከዝናው በፊት አንድ ነገር ጠይቁት፦ የእኔ ፈንክሽን ዝም ብትል አንተ በእኔ ስም ምን ትላለህ? መልሱን ካወቃችሁ በኋላ ዝም እንዳትል አድርጋችሁ ጻፏት።